ከአራት ቀጥሎ ስድስት

ሐረር፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ሚኪያስ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ባርኮት እንዴት ናት? እናትህ እማማ ገላነሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነበር። መልሱን እስከ ዛሬ ያዘገየሁት ጽፌ እየቀደድኩ ስላስቸገርኩ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ስልኩ ለባርኮት ድምፅ ብቻ ይሁን፣ የእኛን ነገር በወረቀት እንነጋገር ያልከው አንተ ነህ። ልክ ነህ። ያን ቀን ስንጨቃጨቅ ልጅቷ ከጎንህ ሆና መስማቷን ሳስብ እስካሁን ያመኛል። ግን ወረቀትም ቀላል አይደለም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ የዝውውር ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ ስልኬ፣ ማንም ሳይረዳኝ። ከስሜ ጎን "ያላገባች" የሚል ቃል ግን አልጻፍኩም። እናንተ ጋ በትምህርት ቢሮ በተለጠፈው፣ ወደዚያ የሚያመለክቱ መምህራን ዝርዝር ላይ እንደዚያ ተብሎ መውጣቱን የሰማሁት ካንተ ነው። ሳነበው ቆሜ ነበር፤ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት።

እስቲ አስበው ሚኪ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐረር ተቀምጬ የማመለክተው ወደ አንተና ወደ ልጄ ልመጣ ነው። ያላገባሁ ነኝ ብዬ ምን አገኛለሁ? ባለትዳር የሚያገኘውን ቅድሚያ ላጣ ካልሆነ በቀር።

የሆነው ይኸውልህ። ድረ ገጹ በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፈላና በር ሰፈር ያለችው ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የምሠራበት ትምህርት ቤት፤ ከዚያ የምሄድበት ቦታ። ስለ ትዳር የሚጠይቅ ነገር አላየሁም። የጋብቻ ማስረጃችንን ፎቶ አንስቼ አዘጋጅቼ ነበር፤ የማስገባበት ቦታ አጣሁ። ግራ ቢገባኝ ገጹ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። "'ተልኳል' ካለሽ አልቋል" አሉኝ። ከማኅደሬ ያዩታል ብዬ ተውኩት። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ሌላ ጥፋት የለብኝም።

የባርኮትን ሳል ነገር ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

የአንተው ፍሬሕይወት



ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት ፍሬሕይወት
ሐረር

ሰላም ላንቺ ይሁን። ባርኮት ደህና ናት፤ ሳሉ ለቋታል። ስለ ቤት የጠየቅሽው ሌላውም ሁሉ ደህና ነው።

ስለ ትዳር የሚጠይቅ ነገር አላየሁም ብለሻል። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት በሰው ኃይል ክፍል ኮምፒዩተር ያንኑ ድረ ገጽ አስከፈትኩ። ጥያቄ አራት የምትሠሪበትን ትምህርት ቤት ይጠይቃል። ጥያቄ አምስት "የጋብቻ ሁኔታ" ይላል፤ በደማቅ ፊደል፣ ዓይን ያለው ሰው ሊያልፈው የማይችል። ሲነኩት ምርጫዎቹን ይዘረግፋል፤ ያላገባች፣ ያገባች፣ የፈታች እያለ። "ያገባች" የሚለው ሲመረጥ ወዲያው ከሥሩ የጋብቻ ማስረጃ ማስገቢያ ይመጣል። አጣሁት ያልሽው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ አስከፈትኩት። ከኋላዬ የቆሙትም ሰዎች አብረው አዩት።

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ኮምፒዩተር ብዙ አላውቅም። ግን በዚህ አገር "ሲስተም ነው" የማይባልበት ጥፋት እንደሌለ አውቃለሁ። ጉዳይህ ሲዘገይ ሲስተም ነው፤ ፋይልህ ሲጠፋ ሲስተም ነው። አሁን ደግሞ ባል ሲካድ ሲስተም ሆነ።

ካቻምና "ጊዜው አለፈብኝ" ስትይኝ አመንኩሽ። አምና "ስሜ ከዝርዝሩ ቀረ" ስትይኝም አመንኩሽ። ዘንድሮ ስምሽ አልቀረም፤ ከጎኑ የቀረው የእኔ፣ የባልሽ ስም ነው። እናቴ ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ? "ልጄ፣ መምጣት የፈለገ ሰው በእግሩም ይመጣል።"

ለእሷ መልስ ካለሽ አንቺው ላኪልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ሚኪያስ



ሐረር፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሚኪያስ፣

"ለመምህርት" ብለህ ጀምረህ "ከአክብሮት ጋር" ብለህ ጨረስክ። አንብቤ ስጨርስ ማኅተም ይኖረው እንደሆን ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት።

ይሁን። ያንተን ደብዳቤ በአንድ እጄ ይዤ ገጹን እንደገና በስልኬ ከፈትኩት። ጥያቄ አራት አለ። ከሱ በታች ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ነጭ ቦታ አለ። ከዚያ ስድስት። ያን ጊዜ ስሞላው ሠሪዎቹ ቁጥር ዘለው መስሎኝ ነበር፤ እኛስ የፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንዘላለን? ፎቶ አንስቼ፣ ፈረስ መጋላ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ቁጠረው።

ለአከራዬ ለወይዘሮ ዋፊቃም አሳየኋቸው። ሃያ ዓመት ጊደር መጋላ ቅመም የሸጡ ሴት ናቸው፤ ሚዛን ላይ የሚያታልላቸው የለም። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። "ወላሂ፣ አምስት የለም" አሉኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቀው፣ "ግን ሰውዬሽ እንዲህ የሚጠረጥርሽ ይህን ወረቀት ብቻ አይቶ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እንጃ አልኳቸው።

እንጃ ያልኩት በምክንያት ነው። የአክስትህ ልጅ ግርማ ወታደር ሆኖ እዚህ ከተመደበ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን ቤቴን አንኳኩቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን በሲቪል ልብስ ከግቢያችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ተቀምጦ አየሁት። ሰኞ ሰላም ስለው ደንግጦ "ካርድ ልገዛ ነው" አለኝ። ረቡዕም ካርድ ሊገዛ መጥቶ ነበር። አርብም። ይህ ሁሉ ካርድ ለማን ይሆን የሚደወልበት?

ሚኪያስ፣ አንተ ነህ የላክኸው? ይህችን ብቻ በእውነት መልስልኝ።

ፍሬሕይወት



ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬሕይወት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ የፈተና ሰሞን ነው።

የላክሽውን ወረቀት አየሁት። ከአራት ቀጥሎ ስድስት ይላል። እኔም አሳትሜው የነበረውን አጠገቡ አስቀምጬ አየሁ፤ የእኔ ከአራት ቀጥሎ አምስት ይላል። አንድ ገጽ ሁለት መልክ ሊኖረው አይችልም። ከሁለት አንዱ ወረቀት ተነክቷል ማለት ነው፤ የኔን እኔ አልነካሁትም። ፎቶ ኮፒ ቤት ምን እንደማይሠራ ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የዲግሪ ወረቀት እንኳ ይሠራል።

ግርማን አይተሽ ጠይቀሻል። ደህንነትሽን እንዲያይልኝ ነግሬዋለሁ፤ ወንድሜ ነው፤ ምን ክፋት አለው? ይልቅስ የነገረኝን ልጠይቅሽ። ሰኞ ግንቦት 18 ተማሪ ከወጣ በኋላ ከአንድ ወንድ ጋር የኮምፒዩተር ክፍል ገብታችሁ በሩ ተዘግቶ ሁለት ሰዓት ቆይታችኋል። ስትወጪ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር ይላል። ሰውየው ማን ነው?

ባርኮት "እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?" ማለት ትታለች። ይህን የምጽፍልሽ ላስከፋሽ አይደለም። አሁን የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ግን አልጽፍልሽም።

ሚኪያስ



ሐረር፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚኪያስ፣

ሰውየው ሽፈራው ይባላል። የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር አስተማሪ ነው፤ የሐረር ልጅ፣ የሦስት ልጆች አባት። በሩ የተዘጋው ውጭ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ መስማት ስላልቻልን ነው። ግርማ በመስኮት ቢያይ ኖሮ ምን ስንሠራ እንደነበር ያይ ነበር፤ መስኮቱ መጋረጃ የለውም።

የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፍልህ።

ያንተን ደብዳቤ አላሳየሁትም፤ ነገሩን ብቻ ነገርኩት። "አቦ ፍሬ፣ በምንድን ነው የከፈትሽው?" አለኝ።

"በስልኬ።"

"በስልክሽማ። ድረ ገጽ መክፈቻው ብዙ ነው፤ በየትኛው ብሮውዘር?"

"ያው ዳታ የማይበላው ነዋ። ሦስት ዓመት የተጠቀምኩበት።"

ስልኬን ተቀብሎ አየ። ከዚያ በኮምፒዩተሩ ክሮም በሚባለው ሌላ ብሮውዘር ከፈተው። ጥያቄ አምስት አለ። "የጋብቻ ሁኔታ" ይላል፣ በደማቅ ፊደል፣ ልክ አንተ እንደጻፍክልኝ። ሚኪ፣ ያኔ እኔ ራሴን ጠረጠርኩ። ዓይኔን ነው ያመመኝ ወይስ ልቤን አልኩ። ሽፈራው ምንም ሳይናገር የእኔን ዓይነት ብሮውዘር አውርዶ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ጫነና ያንኑ ገጽ ከፈተ። አምስት ጠፋ። ነጭ ቦታ ብቻ ቀረ።

"አየሽ?" አለኝ። "ሠሪዎቹ ሰው በሚያበዛው በአንዱ ሞከሩት፤ ሠራላቸው፤ ጨረስን ብለው ሄዱ። በሌላው ምን እንደሚመስል ዞር ብሎ ያየ የለም።"

"ታዲያ 'ያላገባች' የሚለውን ማን ጻፈው?"

"ማንም። ካልነካሽው የመጀመሪያውን ምርጫ እንደያዘ ይሄዳል። መንካት ደግሞ አትችዪም፤ አይታይሽም።"

ከገጹ ግርጌ በደቃቅ እንግሊዝኛ "በክሮም ብቻ ይጠቀሙ" የሚል መስመር አለ። በእኔ ስልክ ያ መስመርም አይታይም። ሽፈራው በዚህ ሲስቅ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ግርማ ያየው ቀይ ዓይን እሱ ነው። ያለቀስኩት ስለ ገጹ አይደለም። እውነቱን ስላገኘሁ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ለባሌ ምስክር ፍለጋ ሰው ቢሮ መዞሬ ነው የታየኝ።

አምናም ስሜ የቀረው በዚሁ ይሆናል ይላል ሽፈራው። እርግጠኛ አይደለም፤ እኔም አልምልልህም።

የማስተካከያው ጊዜ እስከ ሰኔ 20 ነው። እዚያው ተቀምጬ "ያገባች" ብዬ ማስረጃችንን አስገብቻለሁ። አሁን ያንተ ተራ ነው። የብሮውዘሩን ስም በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ከኋላህ ቆመው በነበሩት ሰዎች ፊት ክፈተው። ሌላ መሐላ የለኝም።

ፍሬሕይወት



ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ፍሬ፣

አደረግኩት። መጀመሪያ ብቻዬን ነው ያደረግኩት፤ በምሳ ሰዓት፣ በመምህራን ማረፊያ፣ በባልደረባዬ ስልክ። አራት። ነጭ ቦታ። ስድስት። ስልኩን አጥፍቼ አብርቼ እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው። ከዚያ ወደ ቢሮ ይዤው ሄድኩና ለሁሉም አሳየኋቸው። አንዱ ሳቀ፤ "ስንቱን ትዳር አፍርሶ ይሆን!" አለ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ይቅር በዪኝ። ስድስት ዓመት የማውቃትን ሴት ትቼ ሦስት ጊዜ ያየሁትን ስክሪን አመንኩ። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። ሰምታኝ ለባርኮት ፀጉሯን ልትሠራላት ተነሣች። ግርማን ከእንግዲህ ተው ብዬዋለሁ። መምህር ሽፈራውንም በእኔ ስም አመስግኚልኝ፤ ምን እንዳሰብኩበት ግን አትንገሪው።

ውጤቱ ሲወጣ የማይገባሽ ነገር ካየሽ ከማንም በፊት ለእኔ ጻፊልኝ። አደራ።

ያንቺው ሚኪያስ



ሐረር፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ሚኪያስ
ደብረ ማርቆስ

ውጤቱ ትናንት ወጣ። አደራ ባልከኝ መሠረት ከማንም በፊት ላንተ እጽፋለሁ።

በክሮም ነው የከፈትኩት። ገጹ ምንም አልጎደለበትም፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። እንዲህ ይላል፦ "ውድቅ ሆኗል። ምክንያት፦ የትዳር አጋር ማኅደር አይዛመድም። የትዳር አጋር የጋብቻ ሁኔታ፦ የፈታ። የተሻሻለበት ቀን፦ ግንቦት 21 ቀን 2017።"

ሰውየው ማን ነው ብለህ የጠየቅኸኝ ግንቦት 25 ነው። ስትጠይቀኝ ፈርደህ ጨርሰህ ነበር። ሰኔ 16 "ውድ ባለቤቴ" ስትለኝም ታውቅ ነበር።

የእኔን ቃል የጻፈው ብሮውዘር ነው። አንተ በየትኛው ብሮውዘር ሞላኸው?

ፍሬሕይወት



ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬ፣

በብሮውዘር አይደለም። በእስክሪብቶ ነው፤ በሰማያዊ፣ በገዛ እጄ።

አላመካኝም፤ እንደሆነው ልንገርሽ። በዚያ ሳምንት የሠራተኛ ማኅደር እየታደሰ ነበር። ማክሰኞ ግርማ ደወለልኝና የኮምፒዩተር ክፍሉን ነገር ነገረኝ። ሐሙስ ቅጹ እኔ ጋ ደረሰ። መዝጋቢው፣ "በእሷ ዝርዝር ላይ ያላገባች ነች፤ አንተ ምን ልትሆን ነው?" ብሎ ቀለደ። ሰው ሁሉ ሰማ። የላክሽው ፎቶ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ደርሶኝ ነበር ፍሬ። መሳቢያውን አልከፈትኩም። "የፈታ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ላገባ ስል ስንት ማስረጃ ተጠይቄ ነበር፤ 'የፈታ' ስል ግን ማንም የፍርድ ቤት ወረቀት አልጠየቀኝም።

ገጹን በስልክ ያየሁ ቀን ወዲያው ላስተካክል ሄድኩ። ማኅደሩ ተልኳል አሉኝ። ልነግርሽ ጀመርኩና ፈራሁ። ምናልባት ሳይታይ ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ። አንቺን በማይታየው ነገር ከስሼ፣ የእኔው እንዳይታይ ስጸልይ ከረምኩ።

አሁን ይግባኝ አለ። አንዳችን በምንሠራበት ከተማ ሁለታችንም በአካል ቀርበን በኃላፊ ፊት ቃላችንን መስጠት አለብን። አንቺን ነይ አልልም። ሐምሌ 27 ሐረር እገባለሁ። ካልፈለግሽ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሜ እመለሳለሁ፤ ማንንም ልኬ አላስጠይቅሽም።

ባርኮት ምን እንደምትጠይቀኝ ያልጻፍኩልሽን ልጻፈው። "እማዬን ማን ከለከላት?" ነው የምትለኝ።

ሚኪያስ



ሐረር፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚኪያስ፣

ፍልሰታን እንዴት ያዝከው? በሰላም መግባትህን ከባርኮት ሰምቻለሁ፤ ያመጣህላትን ጫማ አልጋ ላይ አድርጋው እንደተኛች ነገረችኝ። ወይዘሮ ዋፊቃ ሰላም ይሉሃል። ከሄድክ በኋላ፣ "ሰውዬሽ ሲያዩት ክፉ አይደለም፤ ግን ጆሮው ሰፊ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የዝውውር ደብዳቤው ሰኞ ደርሶኛል። ተፈቅዷል። ደብረ ማርቆስ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ሽፈራው የደብዳቤውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበበልኝ።

አሁን በደብዳቤህ ወደ ጠየቅኸኝ ልምጣ። እየጠበቅሁት ነበር፤ በመንገድ ላይ እንኳ ሳትጠይቀኝ ወረቀት እስክትይዝ ቆየህ። በይግባኙ ቀን ኃላፊዋ "ባልና ሚስት ናችሁ?" ስትለን አንተ ወዲያው "አዎ" አልክ። እኔ ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ልትረዳ አልቻልክም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥተሃል። "ሌላ ያሰብሽው ነገር ነበር?" ብለሃል።

ነበር። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘህ መጥተሃል፤ ጫማህ ጭቃ ነበር፤ አሳዝነኸኝ ነበር። ሴትዮዋ ወደ እኔ ስትዞር እኔ ወደ አንተ ዞርኩ። አንተ ግን እኔን አታይም ነበር። አንገትህን አስግገህ የእሷን ስክሪን ነበር የምታየው፤ ስለ እኔ ምን ብሎ እንደሚወጣ።

ዓይንህ ወደ እኔ እስኪመለስ ጠበቅኩህ። ያ ነው ዝምታው። አልተመለሰም። ሴትዮዋም ሰዓቷን አየች። ከዚያ "አዎ" አልኩ።

አዎ ያልኩት ለመዝገቡ አይደለም፤ ለዝውውሩም ብቻ አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው። ግን ምን እያየሁ እንዳልኩት እንድታውቅ ፈለግኩ። እኔም ካንተ ተምሬ ተጠራጣሪ ሆኛለሁ፤ በአንድ ክረምት የሚለቅ አይመስለኝም፤ አልዋሽህም። እናትህን አከብራቸዋለሁ፤ በእሳቸው ቤት ግን አልኖርም። አንዲት ክፍልም ብትሆን ፈልግ። ግርማ እስከ አዲስ አበባ ልሸኝሽ ብሎኝ እምቢ ብዬዋለሁ።

ጳጉሜን 2 ከሐረር እነሣለሁ፤ አዲስ አበባ አድሬ በማግስቱ እናንተ ጋ እገባለሁ። ባርኮትን ይዘህ መናኸሪያ ና። ሌላ ሰው አታምጣ። ስልክህን ኪስህ ክተተውና፣ ከአውቶቡሱ ስወርድ እኔን እየኝ።

ፍሬሕይወት